የአባቴ ጊታር አርማ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በኢሕአዴግ ዘመን፣ አቃቂ በባጃጅ መጥለቅለቅ በጀመረችበት ሰሞን ነው። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አስቤ አስቤ ስላጣሁት ነው። የምጣላው ሰው እንኳን ባገኝ ይወጣልኝ ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። እዚያ የነበረ አንድ የውጭ አገር መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ ስቲል ጊታሩን ትቶለት ሄደ። ስቲል ጊታር እንደ ሌላው ጊታር ታቅፈው የሚመቱት አይደለም፤ ጭን ላይ አጋድመው፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ ነው የሚጫወቱት። ድምፁ ሆድ ያባባል። አባቴ በዚያ ጊታር ከፋብሪካው የሙዚቃ ቡድን ጋር ስንት ዓመት ተጫውቷል። ቡድኑ ሲበተን ግን ጊታሩ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ቀረ።

አንድ ቀን ለአንጋፋ ሙዚቀኞች የምስጋና ዝግጅት ሊደረግ ነው፣ ከነጊታርዎ መጥተው አንድ ዜማ ይጫወታሉ የሚል መልእክት መጣለት። ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ! ሪህ ያሰረው እግሩ ሳይቀር የዳነ መሰለኝ። ጊታሩን አውርደን ስናየው ቀለሙ ተላልጧል። ለሰፈራችን አናጢ ሰጠሁት። አናጢው እጁ ወርቅ ነው፤ ምን ዋጋ አለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ሲያሽ ጊታሩ ራስ ላይ የነበረውን አርማ አብሮ ፍቆት መጣ። "የተለጠፈ ወረቀት መስሎኝ" አለ። እግዜር ያሳያችሁ!

አርማዋ ክንፍ የዘረጋች ኮከብ ነበረች፤ ከሥሯ የሠሪው ስም በብርማ ቀለም ተጽፎባታል። አባቴ ባዶውን እንጨት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ "ስም የሌለው ዕቃ ይዤ ብወጣ ማን ኦሪጅናል ነው ይለኛል? የሰፈር አናጢ የሠራው ነው የሚሉት" አለኝ። እህል አልወስድ አለ።

ፍለጋው የእኔ ሆነ። ፒያሳ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ስሄድ፣ "እህት፣ ሰው ጊታር ይገዛል፣ አንቺ ስሙን ብቻ?" ብለው ሳቁብኝ። መርካቶም የረባ መልስ አላገኘሁም። ስዞር ከርሜ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ ሳሪስ ውስጥ ታክሲ ላይ የሚለጠፉ ስቲከሮችን የሚሠራ ቢኒ የሚባል ሰው ጠቆሙኝ። አባቴ ከቡድኑ ጋር የተነሳውን ያረጀ ፎቶ ወሰድኩለት። አርማዋ ፎቶው ላይ ምስር ብታህል ነው። ቢኒ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ፣ አሳድጎ፣ ያልታየውን ከኢንተርኔት ፈልጎ፣ መስመር በመስመር ቀዳት። ሲጨርስ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሒሳብ ስጠይቀው፣ "ለአባባ አይደል እንዴ? ተይው ባክሽ። ዲዛይኗ ግን ታምራለች፣ እኔ ጋ ትቅር" አለ።

ትቅርልህ አልኩትና መርቄው ወጣሁ።

አባቴ ራሱ ነው የለጠፋት። እጁን ታጥቦ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣ እንደ ሕፃን ነበር የነካት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ጎረቤቱ ሁሉ በራችን ላይ ቆመ። ሲጫወት ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር ማለት ይቻላል።

ዝግጅቱ ዛሬ ነገ እየተባለ ወራት ተራዘመ። በዚህ መሃል ያቺን ባለ ክንፍ ኮከብ አንድ ባጃጅ ጀርባ ላይ አየኋት። ሳቄ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ እሷ የሌለችበት ባጃጅ ጠፋ! ሾፌሮቹ ወደዋት ኖሯል። አባቴ በእግሩ ምክንያት ከቤት ስለማይወጣ አላየም። ደስታውን ላለማደፍረስ እኔም ዝም አልኩ።

በዝግጅቱ ቀን የጎረቤት መኪና ለምኜ አባቴን ከነጊታሩ ወሰድኩት። መድረኩን የሚያሰናዳው ወጣት የጊታሩን ልብስ ገለጥ አደረገና ፈገግ አለ።

"ይቅርታ አባባ፣ መድረክ ላይ የሚወጣው የድሮ ዕቃ ብቻ ነው።"

"የድሮ ነው እንጂ ልጄ።"

ወጣቱ ጓደኛውን ጠራ። "ና እስቲ፣ የባጃጅ ስቲከር ለጥፈውበት የድሮ ነው ይሉኛል።" ተያይዘው ሳቁ።

ደሜ ፈላ። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ አስረዳሁ። ማን ይስማኝ! አባቴን የሚያውቁት ጓደኞቹ ቀድመውት ሞተዋል። ጊታሩን ከመጋረጃ ጀርባ ወንበር ሥር አስቀመጡት፤ አባቴን የፊት ረድፍ ላይ አስቀመጡትና እንደ ሁሉም ሰው የምስክር ወረቀት ሰጡት። ሌሎቹ ሲጫወቱ አጨበጨበ።

ስንመለስ ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘጋጋ። ከፊታችን ባጃጅ ቆሟል፤ ኮከቧ ጀርባው ላይ አለች። አባቴ አንገቱን አስግጎ ለረጅም ጊዜ አያት።

"ደክሞሽ ነው አይደል?" አለኝ።

"ምኑ አባባ?"

"ፍለጋው። ሰለቸሽና ከባጃጅ አመጣሽልኝ። የእኔዋ ክንፏ አጠር ያለ ነበር፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

እነሱ ናቸው ከአንተ የወሰዱት ብዬ ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት። "እሺ" አለ። ቤት ገብተን ፎቶውን አምጥቼ አሳየሁት። "ዐይኔ አያይልኝም፣ እሺ ብያለሁ እኮ" አለ። ጊታሩን መልሶ ቁም ሣጥን ላይ አሰቀለኝ።

አላስችለኝ ስላለ በማግስቱ ቢኒን ከሱቁ ጎትቼ አመጣሁት። ቢኒ ጉዱን ሲሰማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። "በእናቴ እምላለሁ አባባ፣ እኔ ነኝ ከእርስዎ ወስጄ ለባጃጆቹ የሸጥኩት" አለ። አባቴ መረቀው፣ ሻይ አስቀዳለት፣ በር ድረስ ሸኘው። በሩን ዘግቶ ሲመለስ ትከሻዬን ይዞ፣ "ምስክር እስከማምጣት ምን አደረሰሽ ልጄ? እኔ እኮ ገና ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ" አለኝ።

ያንን ልቡ ውስጥ እንደያዘ አረፈ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ቂም የማያውቅ ሰው ነበር እያለ ሲያወድሰው፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምሰማው። ዛሬም አባቴን ሳስብ ከናፍቆቱ በፊት ንዴቱ ይቀድመኛል። ይቅርታውን ምን ላድርገው? ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ብቻ ባመነኝ።