ያልወለደችው ሴት ዓይን

ሲስተር እንዳለች የሚሏት ነርስ ሕፃን ለማንሳት አትቸኩልም፤ መጀመሪያ ታያለች። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራስ ያለችበት ቤት ስትገባ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትልና አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ሕፃኑን ትመለከታለች። ሕፃኑ እንዴት ነው የሚነቃው? የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ይዞራል? ሲርበው እጁን ወደ አፉ ይወስዳል? «አፍ አልፈታም እንጂ ሁሉን ይናገራል» ትላለች ለወላጆቹ፤ እነሱም እንደሷ ማየት እስኪለምዱ አብራቸው ትቆያለች። በሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያረጀችበት ሙያ ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የጠራት ሁሉ ዘንድ ትሄዳለች።

ይህን የማይወዱላትም አሉ። አራስ ልጅ ትኩር ተብሎ አይታይም፤ ፊቱ ይሸፈናል፣ ያየውም ሰው ቶሎ ዓይኑን ይመልሳል። እንዳለች ደግሞ የራሷ ልጅ የላትም። «ያልወለደች ሴት ምን አፍጥጣ ትቀመጣለች?» ሲባል ደረጃ ላይ ሰምታለች። እንዳልሰማች ብታልፍም፣ አንድ ቀን ያየችው ልጅ ቢታመም የሚባለውን ታውቀዋለች። ያ ፍርሃት በየደረጃው አብሯት ይወጣል።

ሃይልኣብ የሚባል፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ የሚሠራ ወጣት አባት ነበር የደወለላት። «ባለቤቴን ማጥባት አስቸግሯታል፤ ብቅ ብለው ይዩልን» አላት።

ስትደርስ ሃይልኣብ ሥራ ገብቷል። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ክፍሉ ግን ጨለማ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ ከአራሷ ትራስ ሥር ቢላዋ ተሸጉጧል።

«ምች እንዳይመታት ነው» አሉ የሃይልኣብ እናት ወይዘሮ ደሃብ።

«ልጁስ ደህና ነው?»

«ወይ የኔ ጨዋ! ሌት የለ ቀን የለ፣ ተኝቶ ነው። የጎረቤት ልጅ በለቅሶ ጣሪያ ሲያነሳ የኛው እንደ ሽማግሌ ጭጭ!»

እንዳለች አልሳቀችም። እናቲቱ ደላዊት ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ጡቷን ሰጠችው። ሕፃኑ አፉን እንኳ አልከፈተም። እንዳለች ጣቷን መዳፉ ላይ ብታኖር አልጨበጠም። ጎንበስ ብላ ፊቱን ብታይ ጨለማው አላሳያትም።

«እማማ፣ ይህን ብርድ ልብስ ትንሽ ገለጥ እናድርገው።»

«አይሆንም! ገና ክርስትና ሳይነሳ? ደግሞ በቃሽ፣ ዓይንሽን መልሺለት።»

በዚህ መሃል ሕፃኑ ጮኸ። ቀጭን፣ ስል ጩኸት ነበር፤ ጀርባው እንደ ቀስት ወደ ኋላ ተለጠጠ።

«እልልልል! አለቀሰ!» ወይዘሮ ደሃብ አጨበጨቡ። «ድምፅም አለው ለካ!»

እንዳለች ያን ጩኸት ታውቀዋለች። ከዚያ ጩኸት በኋላ ባዶ የቀሩ አልጋዎችን ታስታውሳለች። ተነሥታ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ገፈፈችው።

ሕፃኑ ከዓይኑ ነጭ እስከ ውስጥ እግሩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

«ምን አደረግሽው?» የወይዘሮ ደሃብ ድምፅ ተለወጠ። «ስትመጪ ደህና ነበር! አፍጥጠሽ በላሽው!»

ስትፈራው የኖረችው ቃል መጣ። ልትከራከር አልፈለገችም፤ ወደ ደላዊት ዞረች። «እኔን ተይኝ፤ አንቺ እዪው። ትናንትስ ጡት ይዞልሽ ነበር?»

«አልያዘም...» ደላዊት ጎንበስ ብላ ልጇን አየችው። «ጨዋ ነው ሲሉኝ ጊዜ እኮ...»

«ሆስፒታል ይሂድ፤ አሁኑኑ።»

«ለዓይን መድኃኒቱ ጠበል ነው!» አማቷ በሩ ላይ ቆሙ። «ከዚች ጋር የትም አትሄጂም።»

ደላዊት ልጇን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። «እማማ፣ ያሳልፉኝ» አለችና በትከሻዋ ገፍታቸው ወጣች። ጫማ አላደረገችም።

ታክሲው ውስጥ እንዳለች ከፊት ተቀመጠች። ወደ ኋላ ለመዞር አልደፈረችም። ሜክሲኮ አደባባይ ጋ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ቆሟል።

«ሲስተር» አለች ደላዊት፤ «እባክዎ ዞረው ይዩልኝ። ብጠራው ብጠራው አይሰማኝም።»

እንዳለች ዞረች። አየችው፤ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ከዚያ ለሾፌሩ፣ «ሆስፒታል እስክንደርስ እጅህን ከክላክሱ ላይ እንዳታነሳ» አለችው።