በወንፈል የታረሰ ዲግሪ

ዲግሪ ርካሽ ነው የሚል ሰው ከገጠማችሁ ወይ ሻጭ ነው፣ ወይ ገና አልተመዘገበም። እኔ ተመዝግቤ ያየሁ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከወጣትነቴ ጀምሮ ሂሳብ ስይዝ ኖሬአለሁ። ዲፕሎማዬን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ የተማርኩት ይበቃኛል ብዬ በሰላም ተቀምጬ ሳለሁ አዲስ መዋቅር መጣ ተባለ። መዋቅር እኛ ዘንድ እንደ በረዶ ነው፤ ማንን እንደመታ የሚታወቀው ካባራ በኋላ ነው። ይኼኛው የእኔን መደብ መታ። የሂሳብ ባለሙያ ሆኖ ለመቀጠል የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ የሌለው ከወንበሩ ተነሥቶ «ተንሳፋፊ» ይባላል። ተንሳፋፊ ማለት ደመወዙ ለጊዜው ያልተነካ፣ ግን ጠረጴዛ የሌለው፣ በየቢሮው እየዞረ ሰላምታ የሚሰጥ ሠራተኛ ነው። እኔ ደግሞ ወንበሬን እወዳት ነበር። ሰው ቢስቅም ይሳቅ፣ እወዳት ነበር።

ለሚማሩ ሰዎች የተወሰነ ጊዜ ስለተሰጠ ኮሌጅ ፍለጋ ወጣሁ። ዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚጠይቀኝ «እውቅና አለው ወይ?» እያለ ነው፤ እኔ የምጠይቀው «ስንት ነው?» እያልኩ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ከሁሉም ርካሹን ነበር። ስለ እውቅናው ስጠይቅ በር ላይ የተቀመጠው ሰው «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። የባለቤቴ እኅት ልጅ እንዲህ ያለ በሂደት ላይ የሆነ ቤት ተምራ ነበር፤ ዲግሪዋም እስከ ዛሬ በሂደት ላይ ነው። ስለዚህ አለፍኩት። በመጨረሻ ከቆርቆሮና ሲሚንቶ መደብር በላይ ያለ፣ በርቀት የሚያስተምር፣ የእውቅና ደብዳቤውን በመስታወት አሠርቶ ከባንክ ሂሳብ ቁጥሩ አጠገብ የሰቀለ አንድ ኮሌጅ አገኘሁ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማኅተሙ ደህና ነው።

ለምዝገባ ተሰልፌ ሳለሁ ከሁለት ሰዎች ጋር ተዋወቅሁ። አንዱ የማንኩሳ ሰው፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሌላዋ የቡሬ ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ስትሆን እዚያው ቡሬ በአንድ ቢሮ ገንዘብ ያዥ ናት። ሦስታችንም ሞጁል የሚሉትን የመማሪያ ጥራዝ ዋጋ ሰምተን ተያየን። የማንኩሳው ሰው ነው መላውን ያመጣው።

«ሰብል ሲደርስ ብቻችሁን ታጭዳላችሁ እንዴ?» አለን። «ወንፈል ነው እንጂ! ዛሬ ያንተን፣ ነገ ያንቺን፣ ከነገ ወዲያ የኔን።»

አባቶቻችን ይህን ሁሉ ማሳ ያረሱት በወንፈል ከሆነ፣ እኛ አንድ ዲግሪ እንዴት ያቅተናል? አንድ ሙሉ ሞጁል በጋራ ገዛን፤ ኮርሶቹንም ተከፋፈልን። የሂሳብ አያያዝ፣ ኦዲት፣ ግብር የሚባለው ሁሉ ለእኔ ደረሰ። ኮምፒውተርና ስታቲስቲክስ ለቡሬዋ ልጅ ሆነ። የማንኩሳው ሰው እንግሊዝኛና ወሬ ያለበትን ኮርስ በሙሉ ወሰደ። እያንዳንዱ በድርሻው የሦስታችንንም አሳይመንት ይሠራል፤ እንዳይመሳሰል ቃል ይለዋውጣል፤ ያስረክባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አልን። ባለቤቴ ብቻ «በሦስት ተካፍላችሁ የተማራችሁትን፣ ደመወዙንም በሦስት ልትካፈሉት ነው?» ብላ ጠየቀች። ሴት ልጅ ተስፋ ማስቆረጥ ትወዳለች ብዬ አለፍኩት።

ወንፈሉ በጣም ሠመረ። አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለ ራሳችሁ ጻፉ ተባልን። የማንኩሳው ሰው ቃል መለዋወጥ ስለሰለቸው ሦስታችንም ማንኩሳ ተወለድን፤ ሦስታችንም የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆንን፤ ያላገባችው የቡሬ ልጅም የአራት ልጆች አባት ሆነች። ሁላችንም «በጣም ጥሩ» ተብለን ተመለሰልን። እኔ ደግሞ በኮምፒውተር ኮርስ ኤ አገኘሁ። በቢሮዬ ያለችው ኮምፒውተር በዳንቴል እንደተሸፈነች ናት፤ እኔ በወረቀት እሠራለሁ፣ ጸሐፊያችን በራሷ ማሽን ታስገባዋለች። ኤዋን ግን ለሰው ሁሉ አሳየሁ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል፣ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ሰው ዲግሪ አይሰጠውም፣ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከመቶ ሃምሳ ያላመጣ ይወድቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እኮ እውነት ነው፤ ፈተናውም እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው ሊያሸክመው ነው። የማንኩሳው ሰው ማስታወቂያውን ቆሞ አነበበና «መግቢያውን ስከፍል መውጫም እንዳለው ማን ነገረኝ?» ብሎ ወጣ። አሁን ከቆጋ መስኖ ሽንኩርት እየጫነ ይነግዳል፤ ስለ ዲግሪ ሲወራ ከልቡ ያዝንልናል።

እኔና ልጅቱ ቀረን። መንገድ በተከፈተ ቁጥር ቡሬ እየሄድኩ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ በጨርቅ ጥቅል መካከል ተቀምጠን ያልተማርነውን መማር ጀመርን። መንገድ ሲዘጋ በስልክ፣ ስልኩም ሲጠፋ በየግላችን። ክረምቱን በሙሉ የእኔን ድርሻ አስተማርኳት። ጎበዝ ናት፤ የነገሯትን ትይዛለች። በተራዋ የሱቁን ኮምፒውተር ወደ እኔ እያዞረች «ጋሼ፣ እስቲ ማውሱን ይያዙት» ትለኛለች።

«ኋላ እይዘዋለሁ፤ ዋናው ጭንቅላት ነው» እላታለሁ።

አባቷ ጨርቅ እየለኩ «እጅም ነው» አሉ። ነጋዴ የማይገባበት ነገር የለ።

ፈተናው ደብረ ማርቆስ ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩ። መሞከሪያ የሚሆን ነጭ ወረቀትና እርሳስ ተሰጠን። በእኛ ሙያ መጀመሪያ በእርሳስ ይሠራል፤ ከተመሳከረ በኋላ በቀለም ይገለበጣል። ይህን ያላደረገ ሂሳብ ያዥ በኔ ዘመን ይሰደብ ነበር። ስለዚህ ከማሽኑ ላይ በዓይኔ እያነበብኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስክሪኑን እየገለበጠልኝ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በወረቀት ሠራኋቸው። ከድምሩ በታች ሁለት መስመር አሰመርኩ። ወረቀቴ አማረብኝ። ቀና ስል ያ ወጣት ሄዷል፤ ሰዉም እየወጣ ነው። እንግዲህ ልገልብጥ ብዬ ማውሱን ያዝኩ። ቀስቷ ግን እንደ ደነበረ ጥጃ ከዚህ ወደዚያ ትሮጣለች፤ «ለ»ን ስፈልግ «መ» ላይ ትወጣለች። ጥቂቱን እንደ ምንም ነካካሁ። ከዚያ ማሽኑ ጊዜዎ አልቋል ብሎ፣ አመስግኖኝ ተዘጋ።

ወረቀቴን ይዤ ወደ ፈታኙ ሄድኩ። የልጄ እኩያ ነው።

«መልሱ እዚህ ሁሉም አለ» አልኩት።

«አባቴ፣ እሱ መሞከሪያ ነው፤ አይታረምም» አለኝ፤ በአክብሮት ተቀብሎም ካርቶን ውስጥ ከተተው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደጅ ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ላብ ነው እያልኩ ፊቴን ጠረግሁ።

ልጅቱ አለፈች። እኔ ከነካኋቸው ውስጥ የሳትኩት ጥቂት ነው፤ ግን ያልነካሁት ይበዛል። በድጋሚ መቀመጥ ይቻላል ተባልኩ፤ የተሰጠኝ ጊዜ ግን አለቀና መደቤ ለውድድር ወጣ። በዚያው ሰሞን ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ እናንተ ጋ ማስታወቂያ ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ» አለች። «እርስዎ የሚከፋዎት ከሆነ ግን ወላሂ፣ እኔ አልሰማሁም።»

«ምን ይከፋኛል! ተወዳደሪ እንጂ፤ ከባዳ አንቺ ትሻያለሽ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ የተናገርኩት እዚህ አይጻፍም።

ተወዳደረች፤ አሸነፈች። እኔም በይፋ ተንሳፈፍኩ። በርክክቡ ቀን ቁልፉን፣ ካዝናውን፣ ሰነዱን አንድ በአንድ አስረከብኳት። ከወንበሬ ተነሣሁ፤ እሷም ጫፏ ላይ ተቀመጠች፤ ልትሰብራት የፈራች ትመስላለች። ምስክሮቹ ፈርመው ሲወጡ የወሩን ሂሳብ ዘርግታ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የሚጀመረው?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ፈተናው እኮ አራት ምርጫ ነበረው። ይኼ ምርጫ የለውም።»

ወረቀቱንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ እንደ ዱሮው አሳይመንት።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ዝም ብዬ ብወጣ ሪፖርቱ ይበላሻል፤ አለቃችንም ተመልሶ ይለምነኛል። ብሠራላትስ? ወንበሩና ደመወዙ የእሷ፣ ሥራው የእኔ ሆኖ ጡረታ እወጣለሁ። ሁለቱንም አሰብኳቸው። ግን አንገቷን ደፍታ ስትጠብቀኝ ሳያት፣ ያ ካርቶን ውስጥ የገባው ወረቀቴ ትዝ አለኝ። እሷም እኮ ያልተማረችውን ተሸክማ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«አልሠራልሽም» አልኳት። ደነገጠች። ወረቀቱን መልሼ ፊቷ አደረግሁት። «እኔ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ትሠሪያለሽ።»

ሠራች። ስትሳሳት ተቆጣኋት፤ ስታስተካክል ወደሚቀጥለው ተራ አሳለፍኳት። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ተነሥታ ዳንቴሉን ከኮምፒውተሯ ላይ ገፈፈችው።

«ይህን ወደዚህ የሚያስገቡት ደግሞ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። «ይቀመጡ።»

«እኔ አሁን ተንሳፋፊ ነኝ።»

«ይቀመጡ አልኩ፣ ጋሼ! ድጋሚ ፈተናው የሚጠራው እርስዎን እንጂ እኔን አይደለም።»

ተቀመጥኩ። ማውሱን ያዝኩ። እሷ የባለጉዳይ ወንበር ስባ አጠገቤ ሆነች። ቀስቷን አሳድጄ አሳድጄ አንዲት ቁጥር በቦታዋ እንዳስገባሁ በሩ ተከፈተና አለቃችን ብቅ አለ። እኔን በወንበሩ ላይ፣ አዲሷን ባለሙያ በባለጉዳይ ቦታ አየና ግራ ገባው።

«ምነው፣ ርክክቡ አላለቀም እንዴ?» አለ።

እኔ ልነሣ ስል ትከሻዬን በእጇ ጫን አደረገችና «ገና መጀመራችን ነው» አለችው።