መልአኩ በየት በኩል ይከፈል?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሐይቁ ዳር ሱቅ የጠበል ጠርሙስ ገዝቶ አመጣልኝ። ያምራል፤ የመልአክ ፊት ጎልቶ ወጥቶበታል። መነጽሬን አድርጌ ሳየው ግን ከግንባሩ ተነሥቶ በአፍንጫው ላይ አልፎ እስከ አገጩ የሚወርድ ቀጭን መስመር አለ። «ወይኔ! ይህን አባቴ ቢያዩት ኖሮ!» ብዬ ጮህሁ። ልጁ የሰበረው መስሎት ደነገጠ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ የጣና ደሴቶችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው። ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና ብሩሹን አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ዓባይ ማዶ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ነው። ወጥ ቢያርር «ደህና ነው»፤ ጣራው ቢያፈስ «ደህና ነው»። ድሮ እኮ ሳይቆጡ የማይውሉ ሰው ነበሩ! እናቴን ቀብረናል፤ እሳቸውም እዚያው በተቀመጡበት እየሄዱብኝ እንደ ሆነ ገባኝና ፈራሁ።

እኔ ያኔ ገና ልጃገረድ ነኝ። ጋሽ በላቸው የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረቤታችን በከፈተው ትንሽ የጠርሙስ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ስብርባሪ ጠርሙስ ታጥቦ እቶን ውስጥ ይቀልጣል። እንደ ማር መሳብ ሲጀምር በረጅም የብረት ቧንቧ ጫፍ ይጠቀለልና ፎርማ ውስጥ ይገባል፤ ፎርማ የምንለው ውስጡ በጌጡ ልክ የተቦረቦረ ብረት ነው። በቧንቧው ሲነፋ የጋለው መስታወት ከፎርማው ግድግዳ ይለጠፍና ጌጡን ይዞ ይወጣል። ታዲያ ፎርማው መከፈት አለበት፤ ያለዚያ ጠርሙሱ በየት ይውጣ? በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ መስመር ይቀራል። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ መስመር ነው።

አንድ ቀን የንብ ሰም ይዤ ገባሁና፣ «አባባ፣ ለጠርሙስ የሚሆን መልአክ ይሥሩልኝ፤ ለሰም ጣት ይበቃዋል» አልኋቸው። ፈገግ እንኳ አላሉም። ሰሙን ግን ተቀበሉኝ። ሲጨርሱ ፊቱ ከነሁለት ዓይኑ ያፈጥጣል፤ ክንፎቹ ጠርሙሱን በግራ በቀኝ ዞረው ከኋላ ይገናኛሉ። ጋሽ በላቸው አይቶ አፉን ያዘ።

«ግሩም ነው። ፎርማውን በዚህ ልክ አስቀርጸን ከፊትና ከኋላ ለሁለት እንከፍለዋለን፤ መስመሩ በግራና በቀኝ በክንፎቹ ላይ ያልፋል» አለኝ።

ሄጄ ለአባቴ ነገርኋቸው። «ክንፉ የተቆረጠ መልአክ በምን ይበራል በይልኝ!» አሉ።

ተመለስሁ። «እንግዲያው በአፍንጫው በኩል ይለፍ» አለ ጋሽ በላቸው።

«ፊቱን? እንደ ማገዶ ሊፈልጠው ነው?» አሉ አባቴ።

ክረምት ነው፤ ጭቃው ጫማዬን ይነጥቀኛል። የበቆሎ እሸት ጥብስ እየጋጥሁ ከአንዱ ግትር ወደ ሌላው ግትር እመላለሳለሁ። ጋሽ በላቸው በመጨረሻ ብልሃት ያገኘ መሰለው። «ፊቱን ወደ ጎን ያዙሩልን፤ ያን ጊዜ መስመሩ በፊቱ ጠርዝ ይደበቃል» አለ።

ይህን ስነግራቸው አባቴ ብድግ አሉ። «በአንድ ዓይን! በእኛ ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደ ሆነ ያ ሰውዬ አያውቅም? ሰይጣን ነው! ይሁዳ ነው! የጠበል ዕቃ ላይ ሰይጣን ሣል ይለኛል?»

ጋሽ በላቸው ደግሞ፣ «አባትሽ ጠርሙስ የሚወጣው በጸሎት ይመስላቸዋል?» አይለኝ መሰላችሁ! ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «እኔን ግደሉኝና ተገላገሉ! ፎርማው ሦስት ይሁን! ፊቱ ለብቻው፣ ክንፎቹ ለየብቻቸው! መስመሩም በጸጉሩና በክንፉ መሃል ባለው ጎድጓዳ ይለፍ!» ብዬ ጮህሁበት።

ሰሙን አገላበጠው። «እኔ ስነፋ ሦስቱን ማን ገጥሞ ይይዛል?»

«እኔ ነኛ!»

እንዲሁ በንዴት የተናገርሁት ፎርማ ሆነ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ክንፉ ተጣብቆ ቀረ፤ ሌላው ቶሎ ወጥቶ ስለ ቀዘቀዘ ተሰነጠቀ፤ ክንዴም ተለበለበ። በስንት መከራ አንድ ደህና ወጣ። በምድጃው ቀስ ብሎ እስኪበርድ ጠብቄ ይዤ በረርሁ።

አባቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አውራ ጣታቸው ግንባሩን ዳበሰ፣ ዓይኖቹን ዳበሰ፣ በጸጉሩ ሥር መስመሩን ፈልጎ አገኘና አለፈው። ግንባሬን ይስሙኛል ብዬ ጠጋ አልሁ።

«አፍንጫው ተደፍጥጧል» አሉ። «የእኔ ሰም እንዲህ አልነበረም። ያ ሰነፍ በደንብ አልነፋውም።»

ምን ልበላችሁ! ኩሽና ገብቼ በብስጭት አለቀስሁ። ስወጣ በረንዳው ባዶ ነው። ክው አልሁ። ወደ በሩ ሮጥሁ። አባቴ ከቤት መውጣት ከተዉ ስንት ጊዜያቸው! ጠርሙሱን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ አጥሩን እየዳበሱ በጭቃው ውስጥ ይሄዳሉ፤ ጋሽ በላቸውን ሊጣሉ። እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ ሰሙን ከእጃቸው፣ ጥሉንም ከአፋቸው አልለዩም።

ዛሬ እኔም ጉልበቴ ከድቶኛል። ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ደጎች ናቸው። ልጄ ግቢያችን ውስጥ ክፍል እያሠራ ነው። ትናንት፣ «የበሩ መቃን ጠሟል» ብዬ ብነግረው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ልክ ነሽ እማዬ፣ አንቺ ብቻ አረፍ በይ» አለኝ። ከስድብ የከፋ «ልክ ነሽ» አለ ለካ! «ልክ ነሽ አትበለኝ፤ ተከራከረኝ!» አልሁና ነጠላዬን አደግድጌ ወደ አናጢው ሄድሁ።