ዝም ላለ ደንበኛ

ሹሩቅ እስክንድርያ፣ ባሕሪ ሰፈር ያደገች፣ ለምግብ ቤቶች የስልክ ማዘዣ ፕሮግራም የምትጽፍ ልጅ ናት። አፏም እጇም ፈጣን ነው፤ በራሷ መተማመኗ ደግሞ ለጎረቤት ይተርፋል። ሩዝ፣ ምስርና ፓስታ ተደባልቆ የሚሸጥበት የሐጅ መጋሂድ ኩሸሪ ቤት ፕሮግራም ኩራቷ ነበር። ደንበኛው አስቀሩልኝ ያለው ይቀራል፤ ምንም ካላለ ሽምብራውም፣ የቲማቲም ስልሱም፣ የተጠበሰው ሽንኩርትም ይገባል።

«ዝም ላለ ሰው ሁሉም ይገባለታል» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

ሰሞኑን ግን ደንበኞች ሽንኩርት አጣን ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ሽንኩርት የጠበሱት ፍክሪ «የወጥ ቤቱ ስክሪን ነው አስቀር የሚለኝ» ቢሉም ሐጅ አላመኗቸውም።

«ያለ ሽንኩርት ኩሸሪ የሚበላ ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? መጥበሱ ሰልችቶህ ነው እንጂ! በቃ፣ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብለው አጠገባቸው ወደ ቆመችው ሹሩቅ ዞሩ። «ወይስ ያንቺ ነገር ይሳሳታል ልጄ?»

«እርስዎን ይንሳኝ ሐጅ! በየጠዋቱ ከፍቼ እሞክረዋለሁ። አይሳሳትም።»

ፍክሪ ቃል ሳይመልሱ ሽርጣቸውን መፍታት ጀመሩ። ሹሩቅ ይህን ስታይ ለራሷም ማረጋገጥ ፈለገች።

እዚያው ቆማ በስልኳ ያለ ሽንኩርት አንድ ኩሸሪ አዘዘች። ቀጥላ ምንም ሳትል ሌላ አዘዘች። የወጥ ቤቱ ስክሪን ሁለቱንም «ያለ ሽንኩርት» አላቸው።

ነገሩ ገባት። ጠዋት ጠዋት የምትሞክረው አንድ ትዕዛዝ ብቻ ነበር፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ገና ጠዋት ሲከፈት ንጹሕ ነው። ለካ የሚቀሩ ነገሮች የሚጻፉበት ባዶ ዝርዝር የሚሠራው ያኔ፣ አንዴ ብቻ ኖሯል። አንዱ ደንበኛ «ሽንኩርት» ብሎ ከጻፈበት፣ ሳይታጠብ እንደሚዞር ሳህን ለቀጣዩም እሱው ይቀርባል። ላፕቶፗን ከፍታ፣ ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር ለዚያ ሰው ብቻ አዲስ ዝርዝር እንዲሠራ አደረገችው። ደጋግማ አዘዘች። ሽንኩርቱ ተመለሰ።

«ሐጅ፣ ሽንኩርቱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ!» አለች፣ ተሰልፎ የቆመው ሁሉ እየሰማት። «ጋሽ ፍክሪ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ፍክሪ ሽርጡን እንደያዙ ቀና አሉ። «ዝም ላለ ሰው ሁሉም ይገባለታል ትይ አልነበር? እኔ ዝም ስል ጥፋቱ ብቻ ነው የገባልኝ።»

ሹሩቅ ወደ እሳቸው ተጠጋች። ሽርጡን ከእጃቸው ወስዳ ራሷ ከኋላ አሰረችላቸው።