የማተሚያዋ ዘበኛ

ጌድዮን በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ቀበሌው «ተደራጁ» አለው። በዚያ ዘመን ሥራ አጥ ሁሉ የሚባለው ይኸው ነበር፤ የተማረውም ድንጋይ ይጠርባል፣ ያልተማረውም ድንጋይ ይጠርባል፣ ብቻ በማኅበር ይሁን። እሱም ከሠፈሩ ልጆች ጋር «ጥቃቅንና አነስተኛ» ተብሎ ተደራጀና የካ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ሼድ ተሰጣቸው። ልጆቹ አንድ በአንድ ተንጠባጥበው ሲያልቁ ሼዷ ውስጥ የቀሩት እሱ፣ ታናሽ እህቱ ዶርቃና ለሰው ወረቀት እያተሙ የሚኖሩባት አንዲት የቀለም ማተሚያ ብቻ ነበሩ።

ዶርቃ የቀረችው ወዳ አይደለም። ፓስፖርቷን አውጥታ፣ ሾላ ገበያ ካለችው ደላላ ከብዙነሽ ጋር ተነጋግራ፣ ቤሩት ልትሄድ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጌድዮን ከእሷ በቀር ሰው የለውም። እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ማሽኗ እስከሠራች ድረስ ቆዪልኝ» አላት። «እሷ ካበቃላት አልይዝሽም።»

ዶርቃ አመነችውና ፓስፖርቷን ሻንጣዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

እንግዲህ የአንዲት ልጅ ዕጣ በአንዲት ፕላስቲክ ላይ ተንጠለጠለ። ፕላስቲኳም ጤነኛ አልነበረችም። ዋናው ቀለም ዋጋው ስለማይቀመስ፣ እንደ ሠፈሩ ሁሉ በጠርሙስ የሚሸጠውን እየገዙ በመርፌ አሮጌው የቀለም ቋት ውስጥ ይወጉታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ያ ቀለም ደግሞ እየረጋ የማሽኗን አፍ ይደፍናል። በተደፈነ ቁጥር ዶርቃ የማጠቢያውን ትእዛዝ ትሰጣታለች፤ ማሽኗም አፏን ለማጥራት ቀለም ትተፋለች፤ የተፋችውን ከሆዷ ሥር ያለ ስፖንጅ ይጠጣዋል።

ጌድዮን ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ፕሮግራም ጻፈ። መስኮት የለው፣ ሥዕል የለው፤ ከሌሎቹ ሥራዎች ኋላ ተደብቆ ማሽኗን «ቀለምሽ እንዴት ነው? አፍሽስ?» እያለ ሲጠይቃት ይውላል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ቃል ሲጽፉለት የሰማውን ይናገራል። ጌድዮን በተማረው ሙያ የሠራው የመጀመሪያ ነገር ነውና ያን ሰሞን ፊቱን ያየ ሚኒስትር የተሾመ ይመስለው ነበር። ዶርቃም በየጠዋቱ ሹራቧን ሳታወልቅ ቃሏን ጽፋ ታነባለች። «ደህና ነች» ካላት ቀኗ ተቃና።

አንድ ቀን ብቻውን ሳለ ፕሮግራሙ ሌላ ነገር ነገረው። ስፖንጁ ሊሞላ ተቃርቧል። እንዲህ ያለች ማሽን የተፋችውን እየቆጠረች ትኖርና ቁጥሩ ሲሞላ ራሷን ትቆልፋለች፤ ከዚያ ወዲያ በልመናም በጥፊም አትነሣም። ለሌሎች ሞዴሎች የሚሆን ቁጥሩን የሚያጠፋ መክፈቻ ፕሮግራም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ለእሷ የሚሆነውን ግን ፒያሳም መገናኛም ፈልጎ አጣ። ስፖንጁን አውጥቶ አጠበ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣ። ማሽኗ ግን የምታየው ቁጥሯን እንጂ ስፖንጁን አይደለም።

ያኔ ለእህቱ መንገር ነበረበት። አልነገራትም። ፕሮግራሙን ከፈተና፣ እሷ በጠየቀች ጊዜ የስፖንጁን ነገር ደብቆ «ደህና ነች» እንዲላት አደረገው። ለጊዜው ነው አለ፣ መክፈቻውን እስካገኝ ድረስ። ፈሪ ሁሉ እንዲህ ይላል።

በዚያው ሳምንት ቤሩት ያለችው የዶርቃ ጓደኛ አፀደ ደወለች። እሷ በምትሠራበት ፎቅ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት አለች፤ የቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ደግ ሴት ናት፤ ሁለቱ ጓደኛሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ብዙነሽም መልሱን ዛሬውኑ ፈለገች። ዶርቃ ስልኩን በእጇ ይዛ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ጌዲ፣ እውነቱን ንገረኝ። ማሽኗ ትቆያለች?»

«ራስሽ ጠይቂያት።»

ጠየቀች። አነበበች። ከዚያም ወደ ብዙነሽ ደውላ «እትዬ፣ ቀርቻለሁ፤ ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት» አለቻት። ጌድዮን ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ።

ማሽኗ የተቆለፈችው የአንድ መሥሪያ ቤት የምስክር ወረቀት እያተሙ ሳለ ነው። ወረቀቱን በግማሹ ነክሳ ቀይ መብራቶቿን ታርገበግብ ጀመር። ዶርቃ ሮጣ ቃሏን ጻፈች። «ደህና ነች» አላት። ስክሪኑን አየች፣ መብራቶቹን አየች፣ ወንድሟን አየች።

«ፕሮግራምህ አላወቀም ማለት ነው?»

መውጫ ሰጠችው። ተሳስቷል ቢላት ታምነው ነበር። አፉን ከፈተ፤ ሁለተኛ ሊዋሻት ግን አቃተው።

«አውቋል» አለ። «እንዳይነግርሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አፀደ ከመደወሏ በፊት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለዶርቃ ሲጠራላት አሮጊቷ ሌላ ልጅ ወስዳ ነበር። አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። የእንጦጦን ዳገት ወደ ቤታቸው እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ወጡ።

ብዙነሽ እዚያው ቤሩት ሌላ ቤት አገኘችላት፤ የማን ቤት እንደሆነ ደላላዋም በቅጡ አታውቅም። ጌድዮን «ትንሽ ጠብቂ፣ የተሻለ ይመጣል» ሊላት ፈለገ፤ ግን ከእሱ አፍ ወጥቶ የምታምነው ነገር እንደሌለ ያውቃል። ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ሸኛት።

ከዚያ ወዲህ ዶርቃ አልደወለችም፤ አፀደ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ትደውላለች። ጌድዮን ሰላምታውን ሳይጨርስ ስለ ዶርቃ ይጠይቃታል።

«አላየኋትም» ትለዋለች። «ካገኘኋት እነግርሃለሁ።»