በስቱኮ የተደፈነው ሮኬት

የዩኒቨርሲቲያችን የሮኬት ክበብ ሊቀመንበር ስለ ሮኬት የሚያውቀው ጫፉ ሹል መሆኑን ብቻ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ስለሆነ ግን እሱ ያዛል፤ እኔ አንደኛ ዓመት ስለሆንኩ እሺ እላለሁ።

የኔ ድርሻ ፓራሹቱ ነበር። እኔን የሚያህለውን ሮኬት የሠራነው ሜክሲኮ ካለ ጨርቅ ቤት ለምነን ባመጣነው ወፍራም የካርቶን ቱቦ ነው። ሹሉ ጫፍ፣ አፍንጫው፣ ቱቦው አፍ ላይ ላላ ብሎ ይገባል፤ ሮኬቱ ከፍታው ላይ ሲደርስ ውስጥ ያለች ትንሽ ባሩድ ፈንድታ አፍንጫውን ገፍታ ትጥለዋለች፣ ፓራሹቱም ይወጣል። ካልወጣ የአንድ ሴሚስተር ሥራችን እንደ ድንጋይ ይወርዳል። አፍንጫው እንዳይጠብቅም እንዳይወድቅም ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ለሙከራው እንግዶች እንደሚመጡ ሲሰማ ሊቀመንበራችን ሮኬቱን ከካዛንቺስ ተነስቶ ቂርቆስ ወደገባ የመኪና ቀለም ቤት ወሰደው። ልናመጣው ስንሄድ ያበራል። ቀለም ሠሪው በኩራት ጣቱን በሮኬቱ አፍንጫ ዙሪያ አዞረ።

«እህቴ፣ እዚህ ጋ ክፍተት ነበረው። ማን እንደዚህ አበላሽቶ እንደሠራው እንጃ። በስቱኮ ደፈንኩላችሁ።»

በሱ አልፈርድም፤ መኪና ላይ ክፍተት መተው ነውር ነው።

«መከፈት አለበት። ዙሪያውን በምላጭ ልቁረጠው» አልኩ።

«አንቺ ፍሬሽ፣ ገና እንግዳ ሳያየው ልትቧጭሪው ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። «ባሩዱ ይፈነቅለዋል፣ በቃ። ማለቴ፣ ስቱኮ እኮ ነው፣ ብረት አይደለም!»

ምላጩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «እሺ» አልኩ።

ከከተማ ውጭ ፈቃድ ባገኘንበት ሜዳ ላይ የሊቀመንበሩ ንግግር ከበረራው በብዙ ረዘመ። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ላይ ሲደርስ ባሩዷ ፈንድታ በጅራቱ በኩል ትንሽ ጭስ ቱፍ አለ፤ አፍንጫው ግን ንቅንቅ አላለም። ተዘቅዝቆ መጥቶ እስከ ግማሹ መሬት ውስጥ ገባ። አንዳንዶቹ አወራረዱ እንዲያ መስሏቸው ደግመው አጨበጨቡ።

ሊቀመንበሩ ፈገግታው ሳይጠፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሪፖርቱ ላይ ፓራሹቱ እምቢ አለ ብለሽ ጻፊ።»

ሪፖርቱን አምስት ጊዜ ጻፍኩት። የመጨረሻው «አፍንጫው በስቱኮ ተደፍኗል፤ ክበቡ ከበረራው በፊት ያውቅ ነበር» ይል ነበር። «ክበቡ» የሚለውን ሰርዤ «ሊቀመንበሩና እኔ» አልኩና፣ ለሱ ሳላሳይ ክበቡን ለሚቆጣጠረው አስተማሪያችን ሰጠሁ።