የጋሽ ደበላ ገመድ

አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን ይዤ ቆሜ መጣሁና ስወርድ መዳፌ ዝገትና ግራሶ ሸተተኝ። ወዲያው ጋሽ ደበላ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ትዝ ባሉኝ ቁጥር ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ወሰን ከሚባለው ሰፈራችን በታች፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሰፊና ጥልቅ ሆኖ ይተኛ ነበር። ትምህርት ቤቱም ገበያውም ማዶ ነው። ጋሽ ደበላ ከጋራዥ በተጣሉ በርሜሎች ላይ የባሕር ዛፍ ጣውላ መትተው በሠሩት ታንኳ ያሻግሩን ነበር። ታንኳው የሚሄደው ከዳር እስከ ዳር ዛፍ ላይ የታሰረውን የብረት ገመድ በመሳብ ነው። በርሜሎቹ አርጅተው ውሃ ያስገባሉ፤ እሳቸው እየተሳደቡ በሬንጅ ይደፍኗቸዋል። አፋቸው አይጣል ነበር። ታንኳው ላይ የወጣ ሁሉ ገመዱን ይስባል፣ ሕጋቸው ነው። «እጅ ያለው ይሳብ» ካሉ አለቀ። ቄሱም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም፣ ደብተሬን በብብቴ የያዝኩት እኔም እንስባለን። የሚቀመጡት ነፍሰ ጡርና ለቅሶ የሚሄድ ሰው ብቻ ናቸው። ተኳርፈው የከረሙ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ቆመው ሲስቡ አይቻለሁ።

ከዚያ የኮንክሪት ድልድይ ተሠራ። በምርቃቱ ቀን ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ለስላሳ ታደለ። ድልድይ ማን ይጠላል? እኔን የሚያበግነኝ የተከተለው ነው። ሊቀመንበሩ ኋላቀርነት ዛሬ አበቃ ብሎ ተናገረና ታንኳው እንግዶቹ ፊት እንዲፈርስ አዘዘ። መጥረቢያውን የሰጠው ለራሳቸው ለጋሽ ደበላ ነው። እሳቸው ወንበር ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ሌሎች አፈረሱት። ጣውላውን ለማገዶ የተሻማነው እሳቸው ሲያሻግሩን የኖርነው እኛው ሰፈርተኞች ነን።

ድልድዩ መደገፊያ አልነበረውም። ለምርቃቱ ግራና ቀኙ ሪባን ታስሮበት ነበር፤ ሪባኑ ሲነሳ ባዶውን ቀረ። የመደገፊያው ብረት የት ገባ ስንል፣ በሁለተኛው ዙር ይመጣል ተባልን። ክረምት ላይ ቆሎ የሚሸጡት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከገበያ ሲመለሱ ጭቃ አንሸራቷቸው ወንዙ ውስጥ ወደቁ። ድሮ ቢሆን ጋሽ ደበላ ዳር ላይ አይጠፉም ነበር። ያን ቀን ግን ማንም አልነበረም። አስከሬናቸው ተገኘ።

ከቀብሩ ማግስት ጋሽ ደበላ የብረት ገመዳቸውን ከዛፎቹ ፈቱ። የድልድዩን ጠርዝ በመሮ እየበሱ የብረት ችካል ተከሉበትና ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ወጠሩት። ሊቀመንበሩ መጥቶ ያለፈቃድ የመንግሥት ንብረት መንካት እንደሚያስጠይቅ ነገራቸው። እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«አንተ ሪባንህን ቆርጠሃል» አሉት። «ይህን ለመቁረጥ ግን መጀመሪያ እኔን ነው።»

ከዚያም ዳር ቆመን ወደምናያቸው እኛ ልጆች ዞረው፣ በዚያው በተቆጣ ድምፃቸው፣ «እጅ ያለው ይያዝ!» አሉን። ሊቀመንበሩ በመጣበት ተመለሰ።

ጋሽ ደበላ ካረፉ ቆይተዋል። ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ እግሬ ወደ ወንዙ ወሰደኝ። ሁለተኛው ዙር ዛሬም አልመጣም፤ ገመዱ ግን አለ፣ ስንት እጅ አልፎበት ለስልሷል። ከፊቴ አንዲት እናት ልጇን ገመዱን እንዲይዝ ትቆጣዋለች። የማን ገመድ እንደሆነ የምታውቅ አልመሰለኝም። ልጁ ያዘ፤ እኔም ከኋላው ያዝኩ።